ስሮትሉን ልክ ማስገባት

ሰውየው በመሥሪያ ቤቱም በሰፈሩም የሚታወቀው «ልክ አስገባ» በሚለው ቅጽል ነው። ያወጡለት ሥጋ ሻጮች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኖ በየሱቁ ዞሯል፤ የነሐስ ክብደቶቹን ከሣጥን አውጥቶ ሚዛን ላይ ሲደረድር መርፌዋ ፀጉር ታህል ከዜሮ ወዲህ ወይም ወዲያ ካለች ነጋዴውን በደንበኞቹ ፊት ልክ ልኩን ይነግረዋል። ሚዛኑንም ልክ ያስገባል፣ ባለሚዛኑንም ልክ ያስገባል። የቱን የበለጠ እንደሚወድ ቢጠይቁት «ሥራዬ ሚዛኑ ነው» ይላል፤ ሲሠራ ፊቱን ያየ ሰው ግን አያምነውም።

እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር መገመት አይከብድም። ሚስቱ ሰባት ዓመት ችላው በስምንተኛው ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ስትወጣ የነገራት የመጨረሻ ነገር ስለ በሩ ማጠፊያ ነበር፤ «ቀስ ብለሽ ዝጊው፣ ላልቷል» አላት። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ነው። መጋረጃው ከወለሉ እኩል ነው፣ ጫማዎቹ ከግድግዳው እኩል ተደርድረዋል፣ ሰው ሁሉ ግን ከልክ በታች ነው። አለቃውን ፊርማው ከመስመር ስለሚወጣ ይንቀዋል። ፀጉር አስተካካዩን ግራና ቀኙን ስለማያመጣጥን ይንቀዋል፤ ቢሆንም በየሦስት ሳምንቱ እሱው ጋ ይሄዳል፣ ሌላውን የባሰ ስለሚንቀው። ከሁሉም አብልጦ የሚንቀው ግን የእህቱን ባል ነው።

የእህቱን ባል ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። ለማሾፍ የጀመሩት ስም ነበር፤ እሱ እንደ ማዕረግ ተቀበለው። ሃያ ስምንት ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ መሥራቱ እውነት ነው፤ የሠራው ግን የጠፋ ሻንጣ ክፍል ውስጥ ነው። ሻንጣቸው የጠፋባቸው ሰዎች እየመጡ ቀለሙንና መጠኑን ሲነግሩት ቅጽ ይሞላል፤ ሻንጣው ሲገኝ ሌላ ቅጽ ይሞላል። በዕድሜው አውሮፕላን ላይ የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ሁለቱንም ጊዜ አስመልሶታል። ጡረታ በወጣ በወሩ ግን የጓዳውን ክፍል አስለቀቀና ሲሙሌተር፣ አብራሪዎች መሬት ላይ ሆነው የሚለማመዱበትን የበረራ ማስመሰያ፣ ተከለበት። ሦስት የኮምፒዩተር ስክሪን፣ ከአሮጌ ሚኒባስ የተነቀለ የሹፌር ወንበር፣ መሪ፣ የእግር መርገጫ፣ ከወንበሩ በስተቀኝ ደግሞ እጀታዎች የተተከሉበት ጥቁር ሣጥን። ሊበር ሲቀመጥ ክራቫት ያስራል። ጉሮሮውን ጠርጎ «ክቡራትና ክቡራን መንገደኞች» ይላል። መንገደኛ ተብላ የምትሰማው ሚስቱ ናት፤ እሷም ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች።

ነገሩ የጡረተኛ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ልክ አስገባ ከሩቅ እየናቀ ዕድሜውን በሰላም ይጨርስ ነበር። ግን ልጅቷ አለች። የካፒቴኑ ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ካወጣው የጽሑፍ ፈተና ሁለት መቶ ሰው ሲወድቅ ካለፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። የቀራት የመጨረሻው ነው፤ ሰኞ ዕለት በትምህርት ቤቱ ሲሙሌተር ላይ ፈታኝ አጠገቧ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ አውሮፕላን ማሳረፍ። ይህን ስትለማመድ አራት ወር አባቷ ማሽን ላይ ተቀምጣለች፤ አራት ወር ሙሉም አውሮፕላኑ መንደርደሪያውን ጨርሶ ሣር ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን እንኳ አስፋልቱ ላይ ቆሞ አያውቅም።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ እህቱ ደወለችለት።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጅቱ ሰኞ አልሄድም ብላለች» አለችው።

«ለምን?»

«አባቷ ነዋ። ልክሽን እወቂ ይላታል፤ በየቀኑ ነው የሚላት። ዛሬ ደግሞ ምሳ ላይ አንዳንዱ ሰው ለመሬት ነው የተፈጠረው አላት። ሳህኗን ይዛ ተነሳች። ትምህርት ቤቱ የማይመጣ ካለ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ያሳውቀን ብሏል፣ በቦታው ሌላ ሰው ለመጥራት። መልእክቱን ስልኳ ላይ ጽፋ አስቀምጣዋለች። መላክ ብቻ ነው የቀራት።»

«ቆይ፣ አውሮፕላኑስ ለምንድነው የማይቆመው?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ማሽኑ ምንም የለውም፣ እጇ ነው ይላል።»

«እሱ ራሱ ሲያሳርፈው ይቆማል?»

«እሱ አያሳርፍም» አለች እህቱ። «ሰማይ ላይ እያለ ያጠፋዋል።»

ልክ አስገባ ይህን ሲሰማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ለእህቱ ልጅ አላዘነም ማለት አይደለም፤ አዝኗል። ልጅቷን ይወዳታል፤ ከዘመዶቹ ሁሉ የማይንቃት እሷን ብቻ ነው። ግን ስልኩን ሲዘጋ ልቡ ውስጥ ቀድማ የገባችው እሷ አልነበረችም። ቀድሞ የገባው ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሥራ ቦርሳውን አንግቦ የእህቱን ደጃፍ አንኳኳ። በሩን የከፈተለት ካፒቴኑ ነው፤ ክራቫቱን አስሯል።

«ሚዛን ልትመረምር ከሆነ ወጥ ቤት አለልህ» አለው ካፒቴኑ።

«የእርስዎን ማሽን ልመረምር ነው የመጣሁት፣ ካፒቴን።»

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲለው ኖሯል። ካፒቴኑ ከአክብሮት የመጣ ይመስለዋል። የመጣው ከንቀት ነው፤ አንተ ለመባል እንኳ አልበቃህም ማለቱ ነው። ይህን ከእህቱ በቀር ያወቀበት ሰው የለም።

ሳሎኑ ውስጥ እህቱ ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። የሰኞው ሸሚዝ ነው። ልጅቷ ሶፋው ጠርዝ ላይ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ «እማዬ፣ ለማን ነው የምትተኩሺው?» ትላለች፤ እናትየው «ለሚለብሰው» ብላ መተኮሷን ቀጠለች። ልጅቷ አጎቷን ስታይ ተነስታ ሳመችው። ዓይኗ አብጧል።

«ነይ እስቲ አሳርፊልኝ» አላት። «እንደ ለመድሽው፣ ምንም ሳትቀይሪ።»

ጓዳ ገብታ ማሽኑ ላይ ተቀመጠች። ልክ አስገባ ስክሪኑን ትቶ እጇን ነበር የሚያየው፤ ሥጋ ሻጭ ሲመዝንም የሚያየው እጁን ነው። እጇ ጥሩ ነው፤ አይንቀጠቀጥም፣ አይቸኩልም። መንደርደሪያው ገና ሩቅ ሳለ ኃይል መስጫውን፣ እነሱ ስሮትል የሚሉትን እጀታ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳበችው። አውሮፕላኑ ሊወርድ ሲገባው ተንሳፈፈ፤ ዘግይቶ መሬት ነካ፤ ከዚያ ፍሬን ቢረገጥም ሮጠ፣ ሮጠ፣ አስፋልቱን ጨርሶ ሣር ውስጥ ገባ።

«አየህ?» አለ ካፒቴኑ፤ አንድ ነገር ያሸነፈ ይመስላል። «እጇ ነው።»

«ክንፉ ላይ የሚነሱት ሳንቃዎች ለምን አልተነሱም?»

አውሮፕላን ላይ ክንፉ አጠገብ ባለ መስኮት የተቀመጠ ሰው ያውቃቸዋል። ጎማ መሬት ሲነካ ክንፉ ላይ ብድግ የሚሉ ጠፍጣፋ ሳንቃዎች ናቸው፤ ስፖይለር ይባላሉ። አውሮፕላኑን መሬት ላይ ተጭነው የሚያስቀምጡት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ካልተነሱ ፍሬን ብቻውን ዋጋ የለውም። አብራሪው ከማረፉ በፊት እጀታቸውን «ዝግጁ» የሚል ቦታ ላይ ያደርገዋል፤ ከዚያ ጎማ ሲነካ በራሳቸው ይነሳሉ። ልጅቷ እጀታውን አዘጋጅታ ነበር። ልክ አስገባ አይቷታል።

«አንዳንዴ አይነሱም» አለ ካፒቴኑ።

«ስንቴ ተነስተው ያውቃሉ?»

ካፒቴኑ ክራቫቱን አስተካከለ። «እኛ በአቪዬሽን እንዲህ ያለ ነገር አንቆጥርም።»

ልክ አስገባ ካሊብሬሽን የሚሉት፣ የእጀታዎቹ ልክ የሚስተካከልበት ገጽ እንዲከፈትለት ጠየቀ። ካፒቴኑ ማሽኑ በተገዛበት ቀን ራሱ ካሊብሬት እንዳደረገው፣ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳልነካው፣ አንዴ ልክ የገባ ነገር ልክ መሆኑን ነገረው። «ካፒቴን፣ እንዲህ የሚሉኝ ሥጋ ሻጮች ብቻ ናቸው» አለው ልክ አስገባ። ገጹን የከፈተችለት ልጅቷ ናት።

ኮምፒዩተር ብዙም አያውቅም፤ ይሄን ገጽ ግን ወዲያው አወቀው። ዕድሜውን ሙሉ ያየው ነገር ነው። ለእያንዳንዱ እጀታ አንድ አረንጓዴ መስመር አለ፣ መስመሩ ጫፍ ላይ ቁጥር። እጀታው ሲገፋ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሲሳብ ይወርዳል። ስሮትሉን እስከ መጨረሻው ገፋው፤ መቶ አለ። እስከ መጨረሻው ሳበው፤ ስድስት አለ። ጠንከር አድርጎ ሳበው፤ ስድስት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ያው ስድስት። የሚዛን ተቆጣጣሪ ሰው ባዶ ሚዛን ላይ ስድስት ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለሌላ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ደስታ ነው።

ትንሿን ባትሪ ከኪሱ አውጥቶ እጀታው የሚመላለስበት ቀዳዳ ውስጥ አበራ። ከታች፣ ብረቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ቡናማ ቆዳ ተለጥፏል፤ ጥንቅቅ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ጥንቅቅ ተደርጎ የተጣበቀ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቆዳ ነው» አለ ካፒቴኑ። «ብረቱ ሲመለስ ቋ ይል ነበር። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ቋ አይልም። እኔ ነኝ ያሻሻልኩት።»

«መቼ?»

«በገዛሁት በሳምንቱ።»

«ከካሊብሬሽኑ በኋላ?»

«አዎ። ምን አለበት?»

«ቆዳውስ ከየት መጣ?»

እህቱ ከሳሎን ሆና በባሏ ፈንታ መለሰች፤ «ባለቤቱ ካልመጣለት ሻንጣ ነው የቆረጠው።»

ነገሩ ይኸው ነው። እጀታው ቆዳው ላይ ሲያርፍ ልጅቷ ዘግቼዋለሁ ትላለች፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከመቶ ስድስት እጅ ኃይል ተሰጥቶኛል ይላል። ሳንቃዎቹ ደግሞ የሚነሱት ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፤ ጎማ መሬት ሲነካ እና ስሮትል ዜሮ ሲሆን። ስሮትሉ ዜሮ ካልሆነ አውሮፕላኑ አብራሪው ገና መብረር ይፈልጋል ብሎ ሳንቃዎቹን ይይዛቸዋል። አራት ወር ሙሉ ልጅቷ ያለ ሳንቃ፣ የሚገፋ ሞተር ይዛ፣ ለመቆም ስትታገል ነበር። አራት ወር ሙሉ ይሄ ሰውዬ ኋላዋ ቆሞ ልክሽን እወቂ ይላል። ልክ አስገባ ይህን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ አንድ በአንድ፣ ድምፁን ሳያነሳ ተናገረው። ካፒቴኑ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትንሽ ቀላ።

ቆዳውን ሳይነካው ልክ ማስገባት ይችል ነበር። ኮምፒዩተሩን ዜሮህ እዚህ ነው ብሎ ማስተማር ነው፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ። አላደረገውም። ቀጭን ቢላዋውን አውጥቶ ቆዳውን ቀስ እያለ፣ ጥግ ጥጉን እየላጠ፣ በባለቤቱ ፊት አነሳው። አንስቶም የካፒቴኑ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት። ከዚያ ስሮትሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ አመላልሶ መዘገበው። የስፖይለሩን እጀታ ደግሞ አቧራውን በብሩሽ ጠረገለት፤ መስመሩ «ዝግጁ» የሚለው ቦታ ላይ ሲርገበገብ ስለነበር እጅ ቢንቀጠቀጥም እንዳይነቃነቅ ኮምፒዩተሩ ላይ ጥቂት ንቅናቄ የማይቆጠርበት ማረፊያ ሰጠው። ሁሉንም ሲጨርስ ስሮትሉን ሳበው። ቋ አለ። ቁጥሩ ዜሮ ነው።

ልጅቷ ቁጥሩን ትኩር ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ከሐሙስ ወዲህ ያልነበረ ነገር መጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ብቻዬን ልሞክረው» አለችው።

እዚህ ላይ የሰውዬውን ሙያ ማስታወስ ያስፈልጋል። ልክ አስገባ የራሱ የሆነ የማይጥሰው ደንብ አለው። ያረመውን ሚዛን ብቻውን ሦስት ጊዜ ሳይፈትን ባለቤቱን አይጠራም። ባለቤቱን ከጠራ በኋላም ሰውዬው ለራሱ ጥቂት ጊዜ ሳይመዝንበት ደንበኛ እንዲያስገባ አይፈቅድም። ምክንያቱም በተዛባ ሚዛን ዓመት የሸጠ ሰው እጁም አብሮ ይዛባል፤ ሚዛኑ ያጎደለውን እጁ ሳያስበው ይጨምራል፤ ሚዛኑ በታረመ ቀንም መጨመሩን አይተውም። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች ሥልጠና ሲሰጥ ግማሽ ቀን ያወራበታል። ከእሱ የተሻለ የሚያውቀው ሰው በከተማው ውስጥ የለም።

«ምን ሙከራ ያስፈልጋል፣ አሁን ልክ ነው» አላት። «ይልቅ እናትሽን ጥሪልኝ። ታች ያሉትንም ነርሷን ጥሪያቸው።»

«ነርሷን ለምን?»

«ይዩዋ። አራት ወር በኮርኒሳቸው ሲሰሙ አይደል የከረሙት።»

ልጅቷ ካፒቴኑን አየችው፣ አጎቷን አየችው፤ ሄዳ ጠራቻቸው። ነርሷ፣ ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ፣ መነጽራቸውን እያጸዱ መጡ። እህቱ ካውያውን ነቅላ መጣች። ጠባቧ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ታፈገ። ልክ አስገባ ካፒቴኑን ከስክሪኑ ፊት ለፊት፣ ሁሉም ፊቱን በሚያዩበት ቦታ አቆመው። እጁን ኋላው አጣመረና «ቀጥይ» አላት።

ልጅቷ ወረደች። መንደርደሪያው ገና ሩቅ ሳለ እጇ ወደ ስሮትሉ ሄደ፤ እንደ ለመደው ሄደ፣ ሳይጠየቅ። ሳበችው። ቋ አለ። አሁን ዜሮው እውነተኛ ዜሮ ነው፤ የሚያንሳፍፍ ስድስት የለም። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፋና ወረደ፤ ልጅቷ መልሳ ስትገፋው ሞተሩ እስኪሰማት ድረስ ዘገየ። ከአስፋልቱ በፊት፣ ሜዳው ላይ ወደቀ። ሦስቱም ስክሪኖች ጠቆሩ፤ መሃለኛው ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ።

ከዚያ ካፒቴኑ፣ በቀስታ፣ ያዘነላት በሚመስል ድምፅ፣ «ልክሽን አወቅሽ?» አላት።

ልክ አስገባ ምን እንደሆነ በቅጽበት ገብቶታል። ያው የሥጋ ሻጩ እጅ ነው። ማስረዳት ጀመረ፤ ስለ እጅ፣ ስለ ልማድ፣ ስለ ዜሮ፤ በሥልጠና ድምፁ። ማንም አልሰማውም። ካፒቴኑ ቆዳውን መዳፉ ላይ እያገላበጠ ፈገግ ሲል ቆሽቱ አረረ፤ የሃያ አምስት ዓመቱ «እርስዎ» በአንዴ ጠፋ።

«አንተ ነህ» አለው። «አንተ በሰው ሻንጣ ቆዳ ያበላሸኸው እጅ ነው።»

«እኔ ያበላሸሁት? ማሽኑን የነካኸው አንተ። አንተ እስክትመጣ ሣር ውስጥ ነበር የምትገባው፣ አሁን ጭራሽ ወደቀች።»

«አውሮፕላን ላይ ሁለት ጊዜ ወጥተህ ሁለት ጊዜ ያስመለስክ ሰው...»

«ሚስቱን በማጠፊያ ያባረረ ሰው ደግሞ እኔን ሊያስተምር...»

ቀጠሉ። ስለ ሥጋ ሻጮች፣ ስለ ጠፉ ሻንጣዎች፣ ስለ ክራቫት፣ በሠርጉ ቀን ማን ለማን ወንበር እንዳልሰጠ ሁሉ ተነሳ። ልጅቷ መሃላቸው ወንበሩ ላይ ነበረች። አንዱም ዝቅ ብሎ አላያትም፤ ሁለቱም የሚነጋገሩት ከራሷ በላይ ነው። ነርሷ መነጽራቸውን አውልቀው መሬት መሬት አዩ።

«ጨረሳችሁ?» አለች ልጅቷ።

ሁለቱም ዝቅ ብለው አዩዋት።

«አባዬ፣ አንተ ማሽንህ እንዳይሰደብብህ እኔን ስትሰድብ ከረምክ። ጋሼ፣ አንተ ደግሞ እሱን ልታዋርድበት እዚህ አስቀመጥከኝ። አንድ ሰዓት ስጠኝ ብዬህ ነበር። እጄ ቶሎ መሳብ እንደለመደ አውቃለሁ። አራት ወር እዚህ የተቀመጥኩት እኔ ነኛ። ለምን ብቻሽን ፈለግሽ ብለህ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ሁለታችሁም አንድ ቀን አልጠየቃችሁኝም።»

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ...» አለ ልክ አስገባ።

«ውጡልኝ» አለች።

ነርሷ ቀድመው ወጡ። እህቱ ወንድሟን በክንዱ፣ ባሏን በክራቫቱ ይዛ አወጣቻቸውና በሩን ዘጋችው። አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ልጅቷ ስልኳን ሳሎን ትታው ነበርና እናቷ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ያልተላከው መልእክት እዚያ ውስጥ አለ። ሁለቱ ሰዎች ሶፋው ላይ፣ አንዱ አንዱ ጫፍ፣ አንዱ ሌላው ጫፍ ተቀመጡ። ከበሩ ጀርባ ሞተር ጮኸ፣ ቀነሰ፣ ወደቀ። እንደገና ጮኸ፣ ወደቀ። ልክ አስገባ በጆሮው ይቆጥር ነበር፤ እያንዳንዱ ውድቀት የእሱ መሆኑን ያውቃል፤ ማወቁ ደግሞ ምንም የሚያስተካክልለት ነገር የለም። ሊገባ ሁለት ጊዜ ተነሳ። ሁለቱንም ጊዜ እህቱ ቀና ብላ አየችው፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ስድስት ነበር ያለው?» አለ ካፒቴኑ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ግድግዳውን እያየ።

«ስድስት።»

«እጇ ጥሩ ነበር ማለት ነው?»

«ጥሩ ነበር።»

ካፒቴኑ ክራቫቱን ፈታው። ልክ አስገባ ለዚህ ሰዓት ሃያ አምስት ዓመት ያጠራቀመው ንግግር ነበረው፤ አፉ ላይ ደርሶ ጣዕም አጣበት።

በሰባተኛው ጊዜ ይሁን በስምንተኛው፣ ከበሩ ጀርባ ጎማው አስፋልት ሲነካ ተሰማ፣ ከዚያ ሳንቃዎቹ ሲነሱ የአየሩ ጩኸት፣ ከዚያ የፍሬኑ ድምፅ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ጸጥ አለ። ልጅቷ ግን አልወጣችም፤ እንደገና ተነሳች፣ እንደገና አረፈች፣ እንደገና። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩን ከፍታ መጥታ ስልኩን ከእናቷ ተቀበለች፤ መልእክቱን እያዩዋት አጠፋችው።

«ሰኞ እማዬ ናት የምትሸኘኝ» አለች። «እናንተ እዚሁ ሁኑ።»

ሰኞ ልክ አስገባ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ፈቃድ ወሰደ። የእህቴን ቧንቧ ላጠብቅ ነው ብሎ መጣ፤ ቧንቧው ደህና ነበር። ካፒቴኑ በሩን ሲከፍትለት አንዳቸውም ስለ ቅዳሜ አላነሱም። እናትና ልጅ ከወጡ ሦስት ሰዓት አልፏል። ካፒቴኑ ስልኩን ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው ሲያመላልስ ዋለ። ልክ አስገባ ያልላላ ቧንቧ ፈትቶ መልሶ አጠበቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተደወለ። ካፒቴኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ አስቀመጠው።

«አልፋለች» አለች እህቱ። «የመጀመሪያውን ትንሽ ቀድማ ነበር ያሳረፈችው፣ ሁለተኛውን ፈታኙ ራሱ አጨበጨበላት። በኋላ ታዋራችኋለች፣ አሁን ከጓደኞቿ ጋ ናት።» ስልኩ ተዘጋ።

ካፒቴኑ እንባው መጣ፤ እውነተኛ እንባ ነው፣ በዚህ አይታማም። ግን እንባውን ሳይጠርግ በሩን ከፍቶ ደረጃው ላይ ወጣ። ነርሷ የገበያ ዘንቢላቸውን ይዘው እየወጡ ነበር።

«አለፈች» አላቸው። «አራት ወር ቀን ከቀን አጠገቧ ቆሜ ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። ማሽኑንም በእጄ ነው የተከልኩት።»

ልክ አስገባ ይህን ከውስጥ ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ የቧንቧ መፍቻውን እንደያዘ ወጣ።

«አትስሙት» አለ። «ማሽኑ የተዛባ ነበር፤ አይተዋል እርስዎ ራስዎ። ልክ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልደርስ ኖሮ...»

ነርሷ ዘንቢላቸውን ደረጃው ላይ አስቀመጡ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ለማሾፍ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው።

«እሷስ ምን ሠራች?» አሉ።

ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ሁለቱም መልሰው ዘጉት። ልክ አስገባ ካፒቴኑን ቀና ብሎ አየው። እሱ አሁን ሊጨርሰው የነበረውን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከደቂቃ በፊት ከዚህ ሰውዬ አፍ ሲሰማ እንዴት እንደ ናቀው ትዝ አለው። ነርሷ ዘንቢላቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ገቡ።